ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ሰዎች ዓለምን እንዴት ያዩ እንደነበር ለማጥናት፦ የአሠራር መመሪያ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግሥት የኖሩ ሰዎች ስለ ዓለም ጉዳይ ምን ያስቡ እንደነበር ለመጻፍ የሚነሣ ሰው፣ ተማሪም ይሁን ጋዜጠኛ ወይም የአባቶቹን ዘመን ለመረዳት የሚሻ አንባቢ፣ ትልቁ እንቅፋት የሚሆንበት የራሱ እውቀት ነው። የበርሊን ግንብ ተሠርቶ እንደፈረሰ፣ ሦስተኛ የዓለም ጦርነት ሳይነሣ አሥርተ ዓመታት እንዳለፉ፣ የእስያና የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ነፃ መንግሥታት እንደሆኑ ያውቃል። በ1946 ጋዜጣውን ገልጦ ያነብ የነበረ ሰው ግን ከእነዚህ አንዱንም አያውቅም ነበር፤ ፍርሃቱም ተስፋውም እስከዚያች ዕለት ባየውና በሰማው ላይ ብቻ የቆመ ነበር። ስለዚህ የዚህ ሥራ ዋና ክፍል፣ በኋላ የመጣውን እውቀት ለጊዜው ወደ ጎን አድርጎ ሰዎቹ በቆሙበት ቦታ መቆም ነው፤ ይህም በቅን ፍላጎት ብቻ የሚሳካ ስላልሆነ ሥርዓት ያለው አሠራር ይጠይቃል።

ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር ከ1945 እስከ 1950 ያለውን ጊዜ የሚመለከት ሲሆን፣ አንድ ሰው ብቻውን ሊፈጽመው ይችላል። የሚያስፈልጉት ደብተር ወይም ኮምፒዩተር፣ የኢንተርኔት መስመር፣ ከተቻለም የቤተ መጻሕፍት መግቢያ ካርድ ናቸው። ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ እንዳይምታታም የወራቱ ስሞች ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪ እየተባሉ ተቀምጠዋል።

ደረጃ 1፦ አንድ ዕለትና አንድ ቦታ ይምረጡ

«ከጦርነቱ በኋላ» ስንል አንድ ወጥ ዘመን ያለ ይመስለናል፤ ነገር ግን በእነዚያ አምስት ዓመታት ውስጥ የሰዎች ጥያቄ ደጋግሞ ተለዋውጧል። በ1945 አጋማሽ ዋናው ጥያቄ ያሸነፉት መንግሥታት ሰላምን በጋራ እንዴት ይጠብቃሉ የሚል ነበር፤ ዋሽንግተን፣ ለንደንና ሞስኮ አብረው የሚቀጥሉ መስሎ የሚታያቸው ሰዎችም ጥቂት አልነበሩም። በ1947 መጀመሪያ ብሪታንያ ለግሪክና ለቱርክ ትሰጥ የነበረውን ድጋፍ ልትቀጥል እንደማትችል ለአሜሪካ አስታወቀች፤ ማርች 12 ቀን ፕሬዚዳንት ትሩማን ለሁለቱ አገሮች 400 ሚሊዮን ዶላር እንዲፈቀድላቸው ኮንግሬሱን ሲጠይቁ፣ የዓለም ሕዝቦች ከሁለት የኑሮ ሥርዓቶች አንዱን እንዲመርጡ ተገድደዋል የሚለው አነጋገር የመንግሥት ቋንቋ ሆነ። በጁን 1950 የሰሜን ኮሪያ ጦር ወደ ደቡብ በተሻገረ ጊዜ ደግሞ፣ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ይህ የሦስተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ነው ወይስ አይደለም ብሎ ነበር።

ስለዚህ አንድ ዕለት ይቁረጡ፤ ቦታም ይጨምሩበት። «ማርች 1946፣ ለንደን» ወይም «ኦገስት 1949፣ ዴልሂ» ወይም «ታኅሣሥ 1941 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ» የሚል ርእስ ሊሠራበት ይችላል፤ «የዓለም አስተሳሰብ ከጦርነቱ በኋላ» የሚለው ግን አይሠራም። የመረጡት ዕለት የሥራዎ ወሰን ነው፤ ከዚያ ዕለት በኋላ የተጻፈ ወይም የታወቀ ማንኛውም ነገር፣ በኋላ መምጣቱ ሳይገለጽ እንደ ማስረጃ ሊገባ አይገባውም።

ደረጃ 2፦ የሆነበትን ቀንና የታወቀበትን ቀን ለይቶ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይሥሩ

ከሁሉም ደረጃዎች ይህኛው ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ ውጤቱም ከሁሉ የላቀ ነው። ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ያዘጋጁ፦ በመጀመሪያው ነገሩ የሆነበትን ቀን፣ በሁለተኛው ለሕዝብ የተገለጸበትን ቀን፣ በሦስተኛው በመካከል ያውቁት የነበሩትን ሰዎች ይጻፉ። የታሪክ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ስለሚሰጡ፣ አንባቢው ሁሉም ሰው ነገሩን በዚያኑ ቀን ያወቀ ይመስለዋል።

ጥቂት ምሳሌዎችን እንውሰድ። በፌብሩዋሪ 1945 በያልታ ላይ ስታሊን፣ ሩዝቬልትና ቸርችል ሶቪየት ኅብረት በጃፓን ላይ እንድትዘምትና በምትኩ በሩቅ ምሥራቅ ምን እንደምታገኝ በምሥጢር ተስማሙ፤ የስምምነቱ ቃል የታተመው ግን ከአንድ ዓመት በኋላ በፌብሩዋሪ 1946 ነው። ሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያውን አቶሚክ ቦምቧን የሞከረችው ኦገስት 29 ቀን 1949 ሲሆን፣ ትሩማን ለዓለም የገለጹት ሴፕቴምበር 23 ቀን ነው፤ በመካከል ባሉት ሳምንታት የተጻፈ የጋዜጣ ሐተታ አሜሪካ ብቻዋን ቦምብ እንዳላት አድርጎ ቢናገር፣ ጸሐፊው የዘመኑን እውቀት በትክክል ተናገረ እንጂ አልተሳሳተም። በሞስኮ የአሜሪካ ኤምባሲ ባልደረባ የነበሩት ጆርጅ ኬናን ስለ ሶቪየት ጠባይ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1946 ወደ ዋሽንግተን የላኩት ረጅም ቴሌግራም የመንግሥት ምሥጢር ነበር፤ ሕዝቡ ሐሳቡን ያገኘው በጁላይ 1947 የደራሲው ስም ተደብቆ በታተመ መጣጥፍ አማካይነት ነው። በዋሽንግተን የሶቪየት አምባሳደር የነበሩት ኒኮላይ ኖቪኮቭ በሴፕቴምበር 1946 ስለ አሜሪካ ዓላማ የጻፉት ተመሳሳይ ሪፖርት ደግሞ እስከ 1990 ድረስ አልታተመም። ስለዚህ በ1946 የነበረ ተራ ሰው ምን ያስብ ነበር ብሎ ለሚጽፍ ሰው ሁለቱም ሰነዶች ማስረጃ አይሆኑም፤ ማስረጃነታቸው ለጥቂት ሹማምንት አስተሳሰብ ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ምሳሌ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቻርተር ነው። ቻርተሩ በሳን ፍራንሲስኮ የተፈረመው ጁን 26 ቀን 1945 ሲሆን፣ ሂሮሺማ በቦምብ የተመታችው ኦገስት 6 ቀን፣ ማለትም ከ41 ቀናት በኋላ ነው። ከፈራሚዎቹ አብዛኞቹ አቶሚክ ቦምብ የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ አያውቁም ነበር፤ በቻርተሩም ውስጥ ስለዚህ መሣሪያ አንዲት ቃል አይገኝም። ጠቅላላ ጉባኤው በጃንዋሪ 1946 ለንደን ላይ ሲሰበሰብ ያሳለፈው የመጀመሪያው ውሳኔ ስለ አቶሚክ ኃይል ኮሚሽን መቋቋም መሆኑ፣ ዓለም በሰባት ወራት ውስጥ ምን ያህል እንደተለወጠች ያሳያል። ቻርተሩን በጁን 1945 እንደተጻፈ ሰነድ የሚያነብ ሰው በተዋጊ አውሮፕላንና በታንክ ዘመን የታሰበ የሰላም ዕቅድ ያገኛል፤ ከኦገስት በኋላ እንደተጻፈ አድርጎ የሚያነበው ግን የሌለ ነገር ይፈልግበታል።

የኢትዮጵያ ጋዜጣና ደብዳቤ ለሚጠቀሙ ሰዎች የቀን አቆጣጠሩ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። መስከረም 1 ቀን 1938 ዓ.ም. የዋለው ሴፕቴምበር 11 ቀን 1945 ነው፤ ከዚያ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ ግን ስምንት ዓመት ይሆናል። 1939 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን የነበረችበት ዓመት ስለሆነ፣ 1940 ዓ.ም. የገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን 1947 ነው። ሂሮሺማ የተመታችው ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ የኮሪያ ጦርነት የተጀመረው ደግሞ ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. መሆኑን እንደ መፈተኛ ይያዙ፤ የቀን መቀየሪያዎ እነዚህን ሁለት ቀኖች በትክክል ካላወጣ ሌላ ይፈልጉ። የሰዓት ልዩነትም አለ፦ በኮሪያ ጁን 25 ጎህ ሲቀድ በዋሽንግተን ገና ጁን 24 ከሰዓት በኋላ ነበር።

ደረጃ 3፦ ሰዎቹ የተሸከሙትን ትዝታ ይመዝግቡ

ሰው ስለ ነገ የሚፈራው ትናንት ያየውን ነው። በ1945 አርባ ዓመት የሞላው አንድ አውሮፓዊ በ1905 የተወለደ ነው፤ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ በ1929 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ሲወድቅና ሥራ አጥነት ዓለምን ሲያጥለቀልቅ ሃያ አራት፣ ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረችበት ዓመት ሠላሳ፣ የሙኒክ ስምምነት ሲፈረም ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። ለመረጡት ሰው ወይም ትውልድ እንዲህ ያለ የዕድሜ መስመር ይሥሩ። ያን ጊዜ ብዙዎቹ የኢኮኖሚ አዋቂዎች ከጦርነቱ በኋላ የ1930ዎቹ ድቀት ይመለሳል ብለው ለምን እንደሰጉ ይገባዎታል፤ ጀርመንን መፍራት ለምን ቶሎ እንዳልጠፋም እንዲሁ። ብሪታንያና ፈረንሳይ በማርች 1947 በደንከርክ የተፈራረሙት የመከላከያ ውል ያነጣጠረው በጀርመን ላይ ነበር። በማርች 1948 በብራስልስ አምስት መንግሥታት የፈረሙት ውል እንኳ፣ ሶቪየት ኅብረት የብዙዎች ሥጋት በሆነችበት ወቅት፣ ጀርመን እንደገና ወረራ ብትጀምር ምን ይደረጋል የሚል ቃል በመግቢያው ይዟል።

የእኛ አገር ስም በዚህ የትዝታ ሠንጠረዥ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጁን 30 ቀን 1936 በጄኔቫ ለመንግሥታቱ ማኅበር ያቀረቡት አቤቱታ ሰሚ ማጣቱና በኢጣሊያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ በቀጣዩ ወር መነሣቱ፣ የጋራ ደኅንነት የሚባለው፣ ማለትም አንዱ ሲወረር ሌሎቹ በአንድነት ይደርሱለታል የሚለው ሐሳብ የወደቀበት ፈተና ሆኖ ከጦርነቱ በኋላ ደጋግሞ ይጠቀስ ነበር። ፕሬዚዳንት ትሩማን የኮሪያው ወረራ በተሰማ ጊዜ ወደ ዋሽንግተን ሲመለሱ በ1930ዎቹ ያለ ከልካይ የተያዙትን ማንቹሪያን፣ ኢትዮጵያንና ኦስትሪያን እንዳስታወሱ በማስታወሻቸው ጽፈዋል። ይህን ሲመዘግቡ ግን ማስታወሻው የታተመው ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሆኑን አጠገቡ ይጻፉ፤ ሰው ስለ ራሱ ያለፈ ሐሳብ በኋላ የሚጽፈው ነገር በዕለቱ ከጻፈው ደብዳቤ ጋር እኩል አይመዘንም።

ደረጃ 4፦ አንድ ሰነድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሦስት ጊዜ ያንብቡ

ከአሥር ሰነዶች የተቀነጨበ ጥቅስ ከመሰብሰብ አንዱን ሙሉ ሰነድ ጠንቅቆ ማንበብ ይበልጣል። በመጀመሪያው ንባብ ምንም ሳይጽፉ እስከ መጨረሻው ይሂዱ። በሁለተኛው ፍርሃትን በአንድ ቀለም፣ ተስፋን በሌላ፣ ያለፈውን ዘመን የሚያነሣውን በሦስተኛ ቀለም ያስምሩ። በሦስተኛው ደግሞ ጸሐፊው ወይም ተናጋሪው እንደ ታወቀ ነገር አድርጎ የሚያልፈውን፣ ማስረጃ ሊያቀርብለት እንኳ ያላሰበውን ነገር ይፈልጉ፤ የዘመኑ የጋራ እምነት የሚገኘው እዚያ ነው።

ዊንስተን ቸርችል ማርች 5 ቀን 1946 በሚዙሪ ግዛት በፉልተን ከተማ በዌስትሚንስተር ኮሌጅ ያደረጉት ንግግር ለልምምድ ተስማሚ ነው። በዚያን ጊዜ ቸርችል ጠቅላይ ሚኒስትር አልነበሩም፤ ፓርቲያቸው በ1945ቱ ምርጫ ተሸንፎ የተቃዋሚ መሪ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ፕሬዚዳንት ትሩማን አብረዋቸው በመድረኩ ላይ ተቀምጠዋል። ዛሬ ከንግግሩ የሚታወሰው በባልቲክ ዳር ካለችው ስቴቲን እስከ አድሪያቲክ ዳር ካለችው ትሪየስት የብረት መጋረጃ መውረዱን፣ ማለትም አውሮፓ ለሁለት መከፈሏን የሚናገረው ክፍል ብቻ ነው። ሙሉውን ያነበበ ሰው ግን ሌላ ዓይነት ሰነድ ያገኛል።

ቀለሙን እናስምር። ፍርሃቱ በሁለት ነገሮች ላይ ነው፦ በጦርነትና በአምባገነን አገዛዝ፤ ረኃብና ችግርም አብረው ተነሥተዋል። ተስፋው አዲሱ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ነው፤ ቸርችል እያንዳንዱ ኃያል መንግሥት ጥቂት የአየር ኃይል ምድቦችን ለድርጅቱ አገልግሎት እንዲመድብ፣ አብራሪዎቹም የአገራቸውን ልብስ ለብሰው የተለየ ምልክት እንዲያደርጉ ሐሳብ አቅርበዋል። እንዲህ ያለ ሐሳብ በዛሬ ጆሮ ሲሰማ ሕልም ሊመስል ይችላል፤ በማርች 1946 ግን በታወቀ የመንግሥት ሰው አፍ በአደባባይ የሚነገር፣ አባል መንግሥታት ለድርጅቱ ጦር እንዲያዘጋጁ በሚለው በቻርተሩ አንቀጽ 43 ውስጥም መሠረት ያለው ነገር ነበር። ከዚያው ጋር፣ የአቶሚክ ቦምብን ምሥጢር ገና በእግሩ ላልቆመው ድርጅት አሳልፎ መስጠት ስሕተት ነው ሲሉም ተናግረዋል። ስለ ሶቪየት ኅብረት ጦርነት ትፈልጋለች ብለው እንደማያምኑ፣ የምትፈልገው የጦርነትን ፍሬና የኃይሏንና የርዕዮተ ዓለሟን ያለ ወሰን መስፋፋት እንደሆነ ገልጸዋል። ሦስተኛው ቀለም ወደ መጨረሻው ይበዛል፦ በ1930ዎቹ አደጋው ሲመጣ አይተው እንደጮኹና ሰሚ እንዳጡ ያስታውሳሉ።

በሦስተኛው ንባብ የሚገኘው ደግሞ ንግግሩ ያልጠየቀው ጥያቄ ነው። የብሪታንያ ግዛት ወደፊትም እንደሚኖር፣ የዓለምን ሰላም የሚጠብቁትም እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕዝቦች እንደሚሆኑ፣ ለተናጋሪው ምንም ማስረጃ አያስፈልገውም ነበር። ሕንድ ግን ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነፃ ወጣች።

ደረጃ 5፦ ተቃራኒውን ድምፅ አጠገቡ ያስቀምጡ

ለእያንዳንዱ ሰነድ በቅርብ ቀን የተሰጠ መልስ ይፈልጉ። ለፉልተኑ ንግግር ስታሊን በፕራቭዳ ጋዜጣ ማርች 14 ቀን በታተመ ቃለ ምልልስ መልሰዋል፤ ቸርችልን ከሂትለር ጋር አነጻጽረው፣ ጀርመኖች ሶቪየት ኅብረትን የወረሩት በፊንላንድ፣ በፖላንድ፣ በሩማኒያ፣ በቡልጋሪያና በሃንጋሪ በኩል መሆኑንና ሞስኮ በእነዚህ አገሮች ወዳጅ መንግሥት እንዲኖር መፈለጓ ሊያስገርም እንደማይገባ ተከራክረዋል። በዚያው ቃለ ምልልስ ስለ ሶቪየት ሟቾች የሰጡት ቁጥር ወደ ሰባት ሚሊዮን ነበር፤ በኋላ ዘመን በይፋ የታመነው ቁጥር ሃያ ስድስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ነው። ስለ 1946 ሲጽፉ በዋናው ጽሑፍ ውስጥ መግባት ያለበት ሰባት ሚሊዮን ነው፤ በዚያ ጊዜ የነበረ አንባቢ የሰማው እሱን ነውና።

ተቃራኒ ድምፅ በአንድ አገር ውስጥም ይገኛል። በአሜሪካ የንግድ ሚኒስትር የነበሩት ሄንሪ ዋላስ በሴፕቴምበር 1946 በኒው ዮርክ ባደረጉት ንግግር በሶቪየት ኅብረት ላይ ጠንክሮ መነሣትን ነቅፈዋል፤ በዚህም ምክንያት ትሩማን በዚያው ወር ከሥልጣን አሰናበቷቸው። «አሜሪካውያን እንዲህ ያስቡ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ከመጻፍዎ በፊት ዋላስን የመሰለ ሰው በየአገሩ ይፈልጉ።

ደረጃ 6፦ ወንበር ያልተሰጣቸውን ይጨምሩ

በጉዳዩ ላይ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በዋሽንግተን፣ በለንደንና በሞስኮ መካከል ስለሚሽከረከር፣ ይህ ደረጃ በጥንቃቄ ሊሠራ ይገባዋል። በተባበሩት መንግሥታት መሥራች አባልነት ከተመዘገቡት 51 አገሮች ውስጥ ከአፍሪካ የነበሩት ግብፅ፣ ኢትዮጵያ፣ ላይቤሪያና በነጮች አገዛዝ ሥር የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናቸው። የቀረው የአፍሪካ ሕዝብ ግን ስለ ዓለም ያስብ፣ ይናገርም ነበር። አውሮፓ የጦርነቱን ማለቅ ባከበረችበት በሜይ 8 ቀን 1945 በአልጄሪያ ሴቲፍ ከተማ ነፃነት የጠየቁ ሰልፈኞች ላይ ተተኩሷል፤ ግጭቱ በተስፋፋባቸው ቀናትም ብዙ ሺህ አልጄሪያውያን ተገድለዋል። ያ ዕለት ለፓሪስና ለሴቲፍ አንድ ዓይነት ቀን አልነበረም፤ ሠንጠረዥዎም ሁለቱን ጎን ለጎን መያዝ አለበት። ሆ ቺ ሚን ሴፕቴምበር 2 ቀን 1945 በሃኖይ የቪየትናምን ነፃነት ሲያውጁ ንግግራቸውን የጀመሩት ከአሜሪካ የነፃነት ዐዋጅ በተወሰደ ቃል ነው። በኦክቶበር 1945 በማንቸስተር ከተማ በተካሄደው የፓን አፍሪካ ጉባኤ ላይ ክዋሜ ንክሩማህ፣ ጆርጅ ፓድሞር፣ ጆሞ ኬንያታና አረጋዊው ደብልዩ ኢ ቢ ዱቦይስ ተገናኝተው፣ ለነፃነት የተዋጋ ዓለም ቅኝ ግዛትን ይዞ ሊቀጥል አይችልም ብለዋል።

የሕዝብ አስተያየት ጥናቶችን ሲጠቀሙም ይህን ያስቡ። ጋለፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት አጥኚ ድርጅት በአሜሪካና በሌሎች አገሮች ያካሄዳቸው ጥናቶች፣ እንዲሁም በ1948 ዩኔስኮ በዘጠኝ አገሮች አንዱ ሕዝብ ሌላውን እንዴት እንደሚያይ ያስጠየቀው ጥናት ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ከዘጠኙ አገሮች አንድም የአፍሪካ ወይም የእስያ አገር የለም። ከጥናቱ የሚወስዱትን ነገር ሁሉ «ከተጠየቁት መካከል» በሚል ቃል ይገድቡት።

ደረጃ 7፦ ዳቦውንና ከሰሉን አይርሱ

የዓለም ጉዳይ በባዶ ሆድም ይታሰባል። በብሪታንያ በጦርነቱ ጊዜ እንኳ በራሽን ያልተሰጠው ዳቦ ከጁላይ 1946 እስከ ጁላይ 1948 ድረስ በራሽን ሆኗል፤ በ1947 መጀመሪያ በወረደው ከባድ ብርድ የድንጋይ ከሰል ጠፍቶ ፋብሪካዎች ቆመዋል። ጆርጅ ማርሻል ጁን 5 ቀን 1947 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ስለ አውሮፓ መልሶ ማቋቋም የተናገሩትን ያዳመጠ አንድ አውሮፓዊ በመጀመሪያ የታየው ስንዴና ከሰል ሊሆን ይችላል። ለመረጡት ዕለት የዳቦን ዋጋ፣ የራሽኑን መጠን፣ የመብራቱን ሁኔታ ከጋዜጣው የመጨረሻ ገጾች ይፈልጉ።

ደረጃ 8፦ የኢትዮጵያን ወገን በራሱ ምንጭ ያጥኑ

አዲስ አበባን የመረጠ ሰው ሥራውን በሁለት ቦታዎች ሊጀምር ይችላል፦ በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ማለትም በተለምዶ ወመዘክር በምንለው፣ እና በስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት። በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተው አዲስ ዘመን በዚያን ጊዜ ሳምንታዊ ስለነበረ የውጭ ዜናው ከዘገየ ብዙም አያስደንቅም፤ ዜናው የተላለፈበትንና የታተመበትን ቀን በሠንጠረዥዎ ላይ ለየብቻ ይጻፉ። ጋዜጣው የመንግሥት መሆኑንም ያስታውሱ፤ የሚነግርዎ መንግሥት ሕዝቡ እንዲያስብ የፈለገውን ነው፤ ሕዝቡ ያሰበውን ግን ከሌላ ምንጭ መፈለግ ያስፈልጋል።

ጋዜጣውን ሲያነብቡ በዓለም ዜና ሥር የሚደጋገመውን የአገር ጥያቄ ይከታተሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት በእነዚያ ዓመታት ዓለምን ያይ የነበረው በዋናነት በሁለት ጉዳዮች መስኮትነት ነው፦ ትንሽ አገር ስትወረር ሌሎች ይደርሱላታል ወይ የሚለውና የቀድሞዎቹ የኢጣሊያ ቅኝ ግዛቶች፣ በተለይ ኤርትራ፣ ወደ ማን ይሄዳሉ የሚለው። ንጉሠ ነገሥቱ በፌብሩዋሪ 1945 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን በስዊዝ ቦይ መሥመር በመርከብ ላይ ማነጋገራቸው፣ በ1946 አክሊሉ ሀብተ ወልድ በፓሪሱ የሰላም ጉባኤ መከራከራቸው፣ በብሪታንያና በኢጣሊያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ስም የቤቪንና የስፎርዛ ስምምነት የተባለው የክፍፍል ዕቅድ በሜይ 1949 በጠቅላላ ጉባኤው መውደቁ፣ በመጨረሻም ዲሴምበር 2 ቀን 1950 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትተሳሰር መወሰኑ በአንድ መስመር ላይ የሚገኙ ናቸው። የ1949ኙን ድምፅ አሰጣጥ ቃለ ጉባኤ በተለይ ያንብቡ፤ የሊቢያ ክፍል የሆነችውን ትሪፖሊታንያን በኢጣሊያ ሞግዚትነት ሥር ለማድረግ የቀረበው ሐሳብ አስፈላጊውን ድምፅ ያጣው በአንድ ድምፅ ሲሆን፣ የሄይቲው ተወካይ ኤሚል ሴን ሎ የተቃውሞ ድምፅ ሰጥተዋል። በኃያላኑ ዕቅድ ላይ የአንዲት ትንሽ ጥቁር አገር ድምፅ እንዲህ ሊከብድ መቻሉን ያዩ ሰዎች ስለ አዲሱ ድርጅት ምን እንዳሰቡ መገመት አያዳግትም፤ ግምቱን ግን በጽሑፍዎ ከማስፈርዎ በፊት በዕለቱ ጋዜጣ ያረጋግጡት።

በኤርትራ ጉዳይ የአዲስ አበባን ድምፅ ብቻ ሰምቶ መጻፍ ፍትሕ አይሆንም። አራቱ ኃያላን የላኩት አጣሪ ኮሚሽን ከኖቬምበር 1947 እስከ ጃንዋሪ 1948 በኤርትራ ተዘዋውሮ ሕዝቡን ሲጠይቅ፣ ከኢትዮጵያ ጋር አንድነትን የሚሹም ነፃነትን የሚሹም ወገኖች ቀርበው ተናግረዋል። የሁለቱንም ወገን አቤቱታ ያንብቡ።

ዘመኑን ያዩ ሽማግሌ ካገኙ ጊዜ ሳይሰጡ ይጠይቁ፤ በ1937 ዓ.ም. ነፍስ ያወቁ ልጆች የነበሩት ዛሬ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ናቸው። «ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት ምን ያስቡ ነበር?» ብሎ መጀመር በኋላ የመጣውን እውቀት በጥያቄው ውስጥ አስገብቶ ማቅረብ ነው። ይልቁንስ «አባባ፣ ጀርመን መሸነፉን የሰሙት ከማን ነበር? ያን ጊዜ የት ነበሩ?» ወይም «እማማ፣ ከሰፈርዎ ኮሪያ የዘመተ ሰው ነበር? ሲሄድስ ሰው ምን ይል ነበር?» ብለው ይጠይቁ። የቃኘው ሻለቃ የመጀመሪያው ጦር በ1951 ስለዘመተ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ወሰንዎን ጥቂት ቢያልፍም በር ይከፍታል። መልሱን በተናገሩበት ቃል ይቅዱ፤ የተነገረበትንም ቀን ከላይ ይጻፉ፤ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ የተነገረ ትዝታ ለትናንትም ለዛሬም ምስክር ነውና።

ደረጃ 9፦ ይጻፉ፣ ከዚያም ያጣሩ

ሲጽፉ ያልተፈጸሙትን ተስፋዎችና ሥጋቶች ከተፈጸሙት እኩል ቦታ ይስጧቸው። አልበርት አይንስታይንን የመሰሉ ሰዎች የሰውን ልጅ ከአቶሚክ ጦርነት የሚያድን አንድ የዓለም መንግሥት እንዲቋቋም ጠይቀዋል፤ በዩናይትድ ስቴትስም ለዚሁ ዓላማ የተቋቋመ ማኅበር ነበር። ሐሳቡ አልተሳካም፤ ቢሆንም በ1947 በቁም ነገር ይመከርበት ስለነበር፣ የዘመኑን አስተሳሰብ የሚገልጽ ጽሑፍ ሊዘለው አይችልም። በዲሴምበር 10 ቀን 1948 ሁለንተናዊው የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ48 የድጋፍ ድምፅ፣ ያለ ተቃውሞ፣ በ8 ድምፀ ተአቅቦ ሲጸድቅም፣ ሰዎቹ ምን ያህል ዋጋ እንደሚኖረው አያውቁም ነበር።

ጽሑፉ ሲያልቅ በቀይ እስክሪብቶ ከመጀመሪያው ይነሡና «ገና»፣ «በመጨረሻም»፣ «እንደተፈራው»፣ «አይቀሬ» የሚሉትን ቃላት ይፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ የኋላ እውቀት የሚሾልከው በእነሱ በኩል ነው። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ፣ በመረጥኩት ዕለት በመረጥኩት ቦታ የነበረ ሰው ይህን ሊያውቅ ይችል ነበር ወይ ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም ከደረጃ 2 ሠንጠረዥ ሁለተኛ ዓምድ ያመሳክሩ። ሊያውቅ የማይችለው ሆኖ ለአንባቢ የሚያስፈልግ ከሆነ ከጽሑፉ መካከል አውጥተው ቀኑን በግልጽ ጠቅሰው በመጨረሻ ለብቻው በተቀመጠ ክፍል ውስጥ ያስገቡት፤ የማያስፈልግ ከሆነ ይሰርዙት።